«እኔን!» ከማለታችን በፊት

(ከጁሙዐ ሶላት በኋላ ለጀመዐው የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ሲሰናዳ በመጠኑ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ)

 



ኮሚቴያችን ይህን መጽሔት ሲያሰናዳ ከኔ የጠበቀው ስለ መስጂድ መገንባት ትሩፋት ወይም ስለ ቀደምት ዑለማዎቻችን የሚናገር ጽሑፍ እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚያ ከኔ የተሻሉ ወንድሞች ጽፈዋል። እኔ የመረጥኩት ርዕስ ብዙዎቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። የምናገረው ስለ መውደቅ ነው። ከኢማን ወይም ከምግባር ስለ መውደቅ አይደለም፤ እሱን በየኹጥባው ትሰሙታላችሁ። በእግር ስለ መውደቅ ነው። አንድ አረጋዊ አባት ወይም አንዲት ባልቴት እናት ከቤታቸው ደፍ ላይ፣ ከመጸዳጃው በር፣ ከውዱእ ማድረጊያችን አጠገብ አዳልጧቸው መሬት ላይ ስለ መገኘታቸው ነው።

በአገራችን ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። እጃችን ሳይዘረጋ ቃሉ ቀድሞ ይወጣል። ጉዳቱ በኔ ይሁን ማለታችን ነው፤ የርኅራኄ ቃል ነው። ነገር ግን የምትነገረው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ ያንንም ጊዜ እንዴት እንዳባከንኩት።

በ2016 ዓ.ም ክረምት፣ ሐምሌ ላይ ነው። የደሴን ክረምት ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከጦሳ የወረደው ጉም ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም ድጥ ነው። ከሱብሒ ጀመዐ ቀርተው ከማያውቁት አባቶች አንዱ ሁለት ሳምንት ጠፉ። ቦታቸው ከመጀመሪያው ሶፍ፣ ከኔ በስተቀኝ ነበር። ሰው ስጠይቅ «ብርድ መቷቸው ነው» አሉኝ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የእጃቸው አንጓ አብጧል፣ ግንባራቸው ላይ የሻረ ቁስል ይታያል። ልጃቸው ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሸኽዬ፣ ብርድ አይደለም። ውዱእ ላይ ወድቄ ነው» አሉኝ። «ለልጆቼ በጨለማ በር መታኝ ነው ያልኳቸው። መስጂድ ወደቅሁ ካልኩ ከእንግዲህ ለሱብሒ አይለቁኝም። አደራዎን፣ በኔና በእርስዎ መካከል ይቅር።»

አደራቸውን ተቀብዬ፣ ዱዓ አድርጌላቸው ወጣሁ።

አደራውን ጠበቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ውዱእ ማድረጊያው ሴራሚክም ለኮሚቴው ትንፍሽ አላልኩም። ሴራሚኩን የመረጥነው እኛው ነን፤ ሁለት ናሙና ሲቀርብልን የሚያብረቀርቀው ይሻላል፣ ንጹሕ ይመስላል ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ፣ ዙህር ሊሰገድ ሲል፣ በሴቶች በኩል ባለው ውዱእ ማድረጊያ፣ በዚያው ዓይነት ሴራሚክ ላይ አንዲት እናታችን ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

እናታችን ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከቤት ውስጥ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ወደ መስጂድ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ልጆቻቸው አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ «የአላህ ቀደር ነው፣ ሸኽዬ» ብለው እነሱው አጽናኑኝ። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ሳስበው እቆይ ነበር። አባታችን አደራ የሰጡኝ ስማቸውን ነው። ድጡን አደራ አልሰጡኝም። ስማቸውን ሳላነሳ «ውዱእ ማድረጊያችን ያዳልጣል» ብል ኖሮ ምን ይቀርብኝ ነበር?

ስለ ቀደር ጥቂት ልበል፤ ስለ መውደቅ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚዘጋው በዚሁ ቃል ነውና። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ የእናታችን ልጆች ያሉትም ትክክል ነው። ለእኔ ግን ያ ቃል መሸሸጊያ ሊሆነኝ አይገባም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ በሐዲስ መጻሕፍት የታወቀ ነው፤ የሚሸሹትም ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። ምሳሌም ሰጧቸው። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ያገኘ ባለ ግመል ከለምለሙም ቢያሰማራ ከደረቁም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ ሆኖም እያወቀ ደረቁን የሚመርጥ የለም። እርጥብ ሴራሚክ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍም ከለምለሙ ወገን እንደ ማሰማራት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም እፍረት ነው። አባቶቻችን የወደቁበትን ይደብቃሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከፈረስ ወድቀው ቀኝ ጎናቸው ተልጦ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) አውርተዋል። ሶሓቦች ሊጠይቋቸው ገቡ፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ነቢያችን ተቀምጠው አሰገዱ። የሆነው ሁሉ በይፋ የሆነ ስለሆነ ነው ዛሬ እኛ ዘንድ የደረሰው። ሙሳም (ዐ.ሰ.) በእጃቸው ስላለው በትር በጌታቸው ሲጠየቁ ከጥቅሙ አስቀድመው ያነሱት የሚደገፉበት መሆኑን ነው፤ በጎቻቸውን የጠቀሱት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ታዲያ የኛ አባት ምርኩዝ ሲገዛላቸው «እኔ ገና ነኝ» ብለው ከበር ኋላ የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው? ምርኩዝ መያዝ ካስፈለገ ይያዝ፤ ቁመቱ ግን በቁመታቸው ይለካ። ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁት የምርኩዙ ራስ ከእጃቸው አንጓ ጋር እኩል ይሁን። ጫፉም ላስቲክ ይኑረው፤ ጫፉ ያልተሸፈነ እንጨት እርጥብ ሴራሚክ ላይ ራሱ ይንሸራተታል።

ከዚያ ክረምት በኋላ ከጀመዐችን የሆነ አንድ ነርስ ወንድም አማክሬ ጥቂት አንብቤአለሁ። የተማርኩት ከሐይስኩል አያልፍም፤ ሐኪም ነኝ ብዬም አልቆምኩላችሁም። ያነበብኩትን ግን ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ በዓመት 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ ብሎ ገምቷል። ከእነዚህ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል ሰው በመግደል ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው መውደቅ ነው። ዕድሜያቸው 65 ካለፈ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ። እስቲ ከፊት ሶፍ ያሉ አባቶችን በዓይናችሁ ቁጠሩና ለሦስት አካፍሏቸው። እኔ ቆጥሬአለሁ። የሰማሁት ግን የአንዱን ብቻ ነበር። የቀሩት የት ወደቁ? ማን አነሳቸው?

የሚደበቅበት ምክንያት ደግሞ ከኛ ከልጆቹ ነው። አባትየው ወደቅሁ ሲል ልጅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ከእንግዲህ ከቤት አይውጡ»። ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቤት የተቀመጠ ሰው እግሩ ይሰንፋል፤ የሰነፈ እግር ደግሞ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ በሚደረገው ጉዞ ብቻ ይወድቃል። መውደቅን ፈርቶ መንቀሳቀስ የተወ ሰው በዚያው በፈራው ነገር ላይ ይደርሳል። አባታችን ያሉኝን አስታውሱ፤ የፈሩት ስብራቱን አልነበረም፣ ሱብሒ መከልከልን ነበር። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ወደቅሁ ሲሏችሁ «የት? ምን ሲያደርጉ?» በሏቸው እንጂ አትከልክሏቸው። አጅባችኋቸው ኑ። ለእናንተም ሱብሒ ነው።

ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ዱባይ ያላችሁ ልጆቻችን ይህ መጽሔት በእጃችሁ ከደረሰ ለእናንተም ቃል አለኝ። በስልክ «እማዬ ደህና ነሽ?» ስትሉ መልሱ «ደህና ነኝ» ነው፤ ሌላ መልስ ሰምታችሁ አታውቁም። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ስትቆሚ ወይም ስትራመጂ ያንገዳግድሻል? እወድቃለሁ ብለሽ ትፈሪያለሽ? ከሦስቱ ለአንዱ አዎ ካለች ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ሰው ፈልጉ። ሌላው፣ በላባችሁ ለእናታችሁ ቤት ስታሠሩ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አታንጥፉላት። አላህ ይጠብቃችሁና፣ በዚህ ጉዳይ የናንተም የኔም ጥፋት አንድ ነው። ሸካራውን ምረጡ፤ ከመጸዳጃው ግድግዳ ላይም የሚጨበጥ ብረት አስተክሉ።

አሁን ወደ ውዱእ ልመለስ። ቆሞ አንድ እግርን አንስቶ ከቧንቧው ሥር ማስገባት ለወጣት ምንም አይደለም። ለ70 ዓመት ሰው ግን በአንድ እግር፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ ጎንበስ ብሎ መቆም ነው። ተቀምጣችሁ ታጠቡ። በቤትም በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ በማንቆርቆሪያ ታጠቡ፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ውኃውን ቢያፈስላችሁ ነውር የለውም፤ ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ሲያደርጉ ውኃ አፍስሰውላቸዋል። እግራችሁን ማጠብ የሚከብዳችሁ ደግሞ ኹፍን አትርሱ። ሙሉ ውዱእ ላይ ሳላችሁ የለበሳችሁትን የቆዳ ኹፍ በአገር ነዋሪነት አንድ ቀን ከነሌሊቱ ማበስ ይበቃል። ይህ ሩኽሳ ለመንገደኛ ብቻ የመሰላቸው ብዙ አባቶች አጋጥመውኛል፤ የመንገደኛው ሦስት ቀን መሆኑ ነው እንጂ ልዩነቱ ለሁላችንም ነው። ብቻ በኹፉ ራቁቱን እርጥብ ወለል ላይ አትራመዱ፤ ቆዳውም ያዳልጣል፣ ከላዩ ጫማ አድርጉ።

ከመስጂዱ በር ላይ የምንከምረው ጫማ ሌላው ነው። በዚያ ክምር ላይ እየረገጡ፣ በአንድ እግር ቆመው ጫማ የሚያወልቁ አባቶችን ስንቴ አልፈናቸው ገባን? ወጣቶች፣ ጫማችሁን መደርደሪያው ላይ አስቀምጡ። ከመንገድ ላይ የሚያውክን ነገር ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን በሐዲስ ታውቃላችሁ፤ እዚህ የሚያውከው የናንተው ጫማ ነው።

ቀጥሎ የራሴን ነገር ልናገር፤ ኢማም ነኝና። ከሱጁድ ወደ መቆም ስንነሳ ደም ወደ እግር ይወርዳል። የወጣት ገላ ይህን ወዲያው ያስተካክለዋል። የአረጋዊ ገላ፣ በተለይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ዘግየት ይላል፤ ያን ጊዜ ዓይን ይጨልማል፣ ራስ ያዞራል። እኔ ግን «አላሁ አክበር» ብዬ ተነስቼ ፋቲሓ ስጀምር ኋላዬ ያሉት አባት እኔን ለመድረስ ይጣደፋሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኢማሞችን ሶላት እንዲያቀልሉ ያዘዙት ከኋላችን ደካማ፣ ሽማግሌና ሕመምተኛ ስላለ ነው። ማቅለል ማለት መሮጥ የመሰለን ኢማሞች አለን። አሁን ከተነሳሁ በኋላ ፋቲሓን ከመጀመሬ በፊት ትንሽ እቆያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ ወንድሞች መልሱ ይህ ነው። አባቶቼ፣ እናንተም አትጣደፉ። ሲያዞራችሁ ተቀመጡ፤ የፊቅህ ሊቃውንት ራስ ማዞርን ከዑዝር ቆጥረውታል። መቆም የሚችል የቻለውን ያህል ይቁም፣ ሲያቅተው ይቀመጥ፤ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታመው በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ወንበር ላይ የሚሰግድን አባት «ይህ ሶላት አይሆንም» የሚል ወጣት አጋጥሞኝ ያውቃል። ልጄ፣ አንተ የተማርከውን ከመናገርህ በፊት ያልተማርከውን ጠይቅ። ወንበሩ ግን የፕላስቲክ ባይሆን ይመረጣል፤ እግሩ ይከፈታል፣ ምንጣፍ ላይም ይንሸራተታል።

በቤትም ያው ነው። ለሱብሒ ስትነሱ ከመኝታ ተስፈንጥራችሁ አትቁሙ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ፣ እግራችሁን ጥቂት አንቀሳቅሱ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ የሚጨበጥ ነገር ይዛችሁ ቁሙ፤ ቆማችሁም ራሳችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። ከመኝታችሁ አጠገብ የእጅ ባትሪ አይጥፋ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት እኛ አንመርጥምና። መጸዳጃው ከግቢ ውጭ ለሆነባችሁ፣ በክረምት ሌሊት ፖፖ መጠቀም ከጭቃው ጋር ከመታገል ይሻላል። በቀን ደግሞ መንገዱ ላይ ጠጠር ይደፋ፣ የደረጃው ጠርዝ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ የተጣጠፈው ምንጣፍ ይነሳ። በቤት ውስጥ ተረከዝ የማይዝ ነጠላ ጫማ እያንሸራተቱ መሄድ ይቅር።

ስለ መድኃኒት የምናገረው አጭር ነው። የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ የስኳር መድኃኒት ሰውን ሊያንገዳግዱ ይችላሉ። ይህን ሰምታችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ የግፊት መድኃኒት ያቆመ ሰው ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና «ያዞረኛል» በሉት። የስኳር ሕመምተኞች ረመዳን ሳይገባ ይህን አድርጉ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ወስዶ የሚጾም ሰው ከዐስር በኋላ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም አትጹም ያለው ሰው ሩኽሳውን የሰጠው አላህ መሆኑን ይወቅ። እናቴ ሆይ፣ ፊድያሽን ስጪ፤ ከጾመኞቹ ጋር አፍጥሪ።

ዓይንም አለ። የዓይን ሞራ በእርጅና የመጣ ጨለማ ነው ብለው የተቀመጡ አሉ። በአገራችን በ1998 ዓ.ም ገደማ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነው። ደፉን ያላየ ሰው ደፉ ላይ ይወድቃል። ቦሩ ሜዳ ከኛ ሩቅ አይደለም።

እግርን ስለ ማጠንከር ነርሱ ወንድማችን የነገረኝ ከሁሉ አስገርሞኛል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. 108 ጥናቶችን፣ ከ23,000 በላይ ሰዎችን የያዘ ግምገማ አውጥቶ ነበር። የአካል እንቅስቃሴ የሚያደርጉ አረጋውያን ላይ የመውደቅ ብዛት በ23 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ በተለይ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ። ውድ ነገር አይደለም። ከጠንካራ ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፤ ግድግዳ ይዞ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስቀመጡ መራመድ፤ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት ቆሞ ቀስ ብሎ መውረድ። መጀመሪያ ላይ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ሶላት ራሱ ስፖርት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ማለት አልወድም፤ ሶላት ዒባዳ ነው፣ ለጉልበት ብሎ የሚሰግድ ኒያውን ይመርምር። ወደ መስጂድ በእግር የሚሄድ ሰው እግሩ እንደማይሰንፍ ግን በዓይናችን የምናየው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይወድቃል። ያን ጊዜ የምናደርገው ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው። «እኔን! እኔን!» እያልን ብብታቸውን ይዘን ሽቅብ እንጎትታቸዋለን። ተዉ። መጀመሪያ ይተንፍሱ፤ የት እንዳመማቸው ጠይቁ። ካላመማቸው በጎናቸው ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበታቸው ይቁሙ፣ ጠንካራ ወንበር አምጡላቸውና እሱን ተደግፈው በራሳቸው ጉልበት ይነሱ። ዳሌያቸውን ካመማቸው፣ መቆም ካልቻሉ፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ስብራት ነው፤ አታንቀሳቅሱ፣ አትሹ፣ አሙቁና መኪና ጥሩ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ መናገር ግድ ይለኛል፤ ልቤ እየፈራም ቢሆን። ወጌሻዎቻችን የሕዝብ ባለውለታ ናቸው፤ የኔንም ክንድ በልጅነቴ ያቃኑት ወጌሻ ናቸው። ግን የዳሌ ስብራት በቀርከሃ ታስሮ የሚድን አይደለም። እናታችንን እንኳ መጀመሪያ የወሰዷቸው ወደ ወጌሻ ነበር፤ አራት ቀን ከዚያ ቆዩ፤ ሐኪሙ ያዘነው በዚያ አራት ቀን ነው። በሌላም ስብራት ቢሆን ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ደም ከልክሏልና በዚያችው ሰዓት ይፈታ፣ ወደ ሆስፒታልም ይኬድ። በዚህ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠባቸው አሉ። ራሱን የተመታ አረጋዊም «ደህና ነኝ» ስላለ አይተው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ለማንኛውም ሰው ቢሆን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ መደናገር ወይም የእግር መዛል ከመጣ የዚያ ምት ነገር ሊሆን ይችላል።

ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች በየሰፈራችን አሉ። ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ከቀዝቃዛ መሬት ላይ ያደረ ሰው አጥንቱ ባይሰበርም በብርዱና በጥሙ ይጎዳል። ጎረቤት ሆናችሁ ጧት በራቸውን አንኳኩ። ቡና ሲፈላ የልጅ እግር ላኩ። ሱብሒ የማይቀር ሰው ሲቀር ደግሞ እንደኔ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ።

ኮሚቴው ያደረገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ሴራሚኩን አንስቶ ለመቀየር ገንዘቡ ገና አልሞላም። እስከዚያው በወንዶችም በሴቶችም በኩል ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ከየቧንቧው ፊት የሲሚንቶ መቀመጫ ተሠርቷል፣ ከግድግዳው የሚጨበጥ ብረት ተተክሏል፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ አምፑል ተሰቅሏል። በየሳምንቱ ሐሙስ ሁለት ወጣቶች ምንጣፉን አንስተው አረንጓዴውን ዝቃጭ ይፈትጋሉ፤ አለዚያ ምንጣፉ ራሱ ድጥ ይሆናል። የሴቶቹን ክፍል እህቶቻችን ይዘውታል፤ ከወንዶቹም በተሻለ ይዘውታል። ለእናታችን በሳምንት ሁለት ቀን የሚያመላልሳቸው ባጃጅ ተገኝቷል። ለመምጣት ግን ገና ልባቸው አልደፈረም፤ ከበር እስከ ምንጣፉ ያለውን ወለል መጀመሪያ ልጃቸው አይታ እንድትነግራቸው ጠይቀዋል። ልጅቷ ባለፈው ሳምንት መጥታ አይታለች።

አባታችንም ይህን ታሪክ ስማቸውን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ለልጆቻቸውም እሳቸው ራሳቸው ነግረዋቸዋል። አሁን ለሱብሒ የሚመጡት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው፤ ልጁ ባትሪ ይይዛል፣ እሳቸው ምርኩዝ። ቦታቸው ያው ከመጀመሪያው ሶፍ ነው፣ ከጫፍ ግን ወንበር አላቸው። ባለፈው ሰሞን ከሶላት በኋላ ጠሩኝና ላስቲኩ ይሸታል፣ ሽታ የሌለው ተፈልጎ ይምጣ አሉኝ። ለኮሚቴው ነግሬአለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።